የመሪው ሕመምና የመሪው ማኅተም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ዓምዱን ለአንድ ጉዳይ ብቻ ሰጥተነዋል። ከሐዋሳ የደረሱን አራት ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ ይመስለናል፣ ሁሉም ስለ ያረጁ መሪዎች ጤናና ስለሚወራው ወሬ ይጠይቃሉ። የውጭ አገር ታሪኮችን ዘመን እንደ ወጉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በዓመተ ምሕረት ጽፈናል።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ፒያሳ በየጠዋቱ ተሰብስበን ቡና የምንጠጣ አምስት ጡረተኞች ነን። የሰሞኑ ክርክራችን ስለ ካሜሩኑ ፕሬዚዳንት ነው። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው እኚህ ሰው ጥቂት ሳምንት ከአደባባይ ሲርቁ «ሞተዋል» ይባላል፤ ከዚያ ደግሞ ብቅ ይላሉ። አንዱ ወዳጃችን «እሳት በሌለበት ጭስ አይታይም» ብሎ ይከራከራል። እኔ ግን በአገራችን መርዶ እንኳ በወጉ እስኪነገር ድረስ የሚደበቅ ነገር ስለሆነ፣ መንግሥት የመሪውን ሕመም ቢደብቅ አይገርመኝም ባይ ነኝ። ለመሆኑ መንግሥታት «መሪያችን ታመዋል» ማለትን ይህን ያህል የሚፈሩት ለምንድን ነው?
(ጡረተኛ መምህር፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የጠቀሱት ወሬ ይበልጥ ከፍ ብሎ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2024 ነበር። ፕሬዚዳንት ፖል ቢያ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ቤጂንግ በተካሄደው የቻይናና የአፍሪካ የትብብር ጉባኤ ላይ ከታዩ በኋላ፣ በኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም ሆነ ፈረንሳይ ባስተናገደችው የፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ጉባኤ ላይ ሳይገኙ ቀሩ። ሳምንታት ሲቆጠሩ የሞታቸው ወሬ ተነዛ። መንግሥታቸው ፕሬዚዳንቱ ጄኔቭ እንደሚገኙና ደህና እንደሆኑ ገለጸ፤ በዚህ ብቻ ሳያበቃም በኦክቶበር 9 የአገር ግዛት ሚኒስትሩ መገናኛ ብዙኃን ስለ ፕሬዚዳንቱ ጤና እንዳይወያዩ ከለከሉ። ኦክቶበር 21 ቀን ቢያ ያውንዴ ላይ ከአውሮፕላን ሲወርዱ ታዩ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ92 ዓመታቸው፣ ለስምንተኛ የሥልጣን ዘመን ተወዳድረው በ53.66 በመቶ ድምፅ ማሸነፋቸው ተገለጸ። ወዳጅዎ ስለ ጭስና እሳት የተናገሩት እንግዲህ እዚህ ላይ አልሠራላቸውም። ሞቱ ሳይኖር የሞት ወሬው ነበር፤ እገዳውም «ደህና ቢሆኑማ ለምን ይከለከላል?» ለሚል ሰው ሁሉ ተጨማሪ መከራከሪያ ሆነው።

ቢያ ለዚህ ዓይነቱ ወሬ አዲስ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ2004 ሞታቸው ተወርቶ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ቀብራቸውን ለሚጠባበቁ ሰዎች ከሃያ ዓመት በኋላ እንገናኝ የሚል ቀልድ ጣል አድርገው ነበር። ሃያው ዓመት ሲሞላ ወሬውም ተመለሰ፣ ባለቤቱም ተመለሱ።

እኔን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እኚህ ሰው ወደ ሥልጣን የመጡበት በር ነው። የካሜሩን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አህማዱ አሂጆ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1982 ጤናቸውን ምክንያት አድርገው በገዛ ፈቃዳቸው ከሥልጣን ወረዱ፤ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ተተኪ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ፖል ቢያ ደግሞ በኖቬምበር 6 ቦታውን ያዙ። አሂጆ የገዥውን ፓርቲ መሪነት በእጃቸው አስቀርተው ስለነበር ከተተኪያቸው ጋር ለመጋጨት ጊዜ አልፈጀባቸውም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስደት ሄዱ፤ በ1984 በሌሉበት ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ባይፈጸምም አገራቸውን ዳግመኛ ሳያዩ በ1989 ዳካር ላይ አረፉ። «ጤና አጣሁ» ብለው ሥልጣን የለቀቁት ሰው ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት መኖራቸውን ልብ ይበሉልኝ። እንግዲህ የዚያ ቤተ መንግሥት ሰዎች ስለ ሕመም ከመናገር ምን ተማሩ ቢባል፣ መልሱ ሩቅ አይደለም፤ ሕመሙን ያመነ ሰው ወንበሩንም አገሩንም አጣ፣ ወንበሩን የተረከበው ደግሞ አርባ ዓመት አለፈው። የእኛ አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በፖለቲካ ውስጥ ግን በሽታውን የገለጠውም መድኃኒት ሳያገኝ የቀረበት ጊዜ አለ።

ስለ መርዶ ያነሡትን ነጥብ በቀላሉ ማለፍ አልፈልግም፤ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነውና። እርግጥ ነው፣ እኛ ሞትን እንደብቃለን። ነገር ግን መርዶ ሲደበቅ ባለቤት አለው፤ ሽማግሌዎቹና የቅርብ ዘመዶች ሁሉ ያውቃሉ፣ ሐዘንተኛው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማ ዘመድ ጎረቤት እስኪሰበሰብ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሊነጋጋ ሲል በር ይንኳኳል። የሚደበቀው ለሚያለቅሰው ሰው ታስቦ ነው፤ የሚነገርበትም ሰዓት ተቆርጧል። በቤተ መንግሥት ውስጥ የሚደበቀው ግን ለደባቂዎቹ ታስቦ ነው፤ ሰዓቱንም የሚቆርጥ ሽማግሌ የለም።

የአፄ ምኒልክን የመጨረሻ ዓመታት ያስታውሱ። ንጉሠ ነገሥቱ በተደጋጋሚ በስትሮክ ተመትተው አካላቸውም አንደበታቸውም እየደከመ በሄደበት በዚያ ዘመን፣ ብዙ የዛሬ መሪዎች የማያደርጉትን አድርገው ነበር። በጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ፤ በግንቦት 1901 የልጃቸው ልጅ ልጅ ኢያሱ ወራሻቸው መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ፤ ራስ ተሰማ ናደውም የወራሹ እንደራሴ ሆኑ። አገሩ ሕመሙን ያውቅ ነበር፤ ሕመሙ ምስጢር ሆኖ አያውቅም። ያልታወቀው ሌላ ነገር ነበር፦ ከአልጋው አጠገብ የሚወጣው ትእዛዝ የማን ነው? እቴጌ ጣይቱ በባለቤታቸው ስም ይሾማሉ ይሽራሉ ብለው ያጉረመረሙት መኳንንት በመጋቢት 1902 እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው። በ1903 ራስ ተሰማ ሞቱ፤ በእሳቸውም ቦታ ሌላ እንደራሴ ሳይተካ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ሞታቸው ለሕዝብ በአዋጅ አልተነገረም፤ ለእንዲያ ያለ ንጉሥ የሚገባው ልቅሶም በጊዜው አልተለቀሰም። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ገዝተው በመስከረም 1909 ከሥልጣን ወረዱ።

ስለዚህ ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ መንግሥታት የሚፈሩት ሕመሙ እንዳይታወቅ ብቻ አይደለም፣ ማኅተሙ በማን እጅ እንዳለ እንዳይጠየቅ ነው። በፒያሳው ቡና ላይ «ታመዋል ወይስ አልታመሙም» ብለው ሲከራከሩ ማናችሁም ማረጋገጥ በማትችሉት ነገር ላይ ትከራከራላችሁ። «ዛሬ የሚፈርመው ማን ነው?» ብላችሁ ብትከራከሩ ግን ሹመቱ፣ በጀቱና አዋጁ በአደባባይ ስለሚወጡ፣ ቢያንስ የምትቆጥሩት ነገር ታገኛላችሁ።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። በእረፍት ሰዓት ባልደረቦቼ የአንድን አዛውንት መሪ ቪዲዮ በስልካቸው እያዩ «ይህ ፓርኪንሰን ነው»፣ «የለም፣ አካሄዱ የስትሮክ ነው» እያሉ ይወራረዳሉ። የታካሚን ምስጢር እንጠብቃለን ብለን ቃል የገባን ሰዎች ይህን ማድረግ ይገባናል? መሪስ ሲታመም እንደ ማንኛውም ታካሚ ምስጢር የለውም?
(ነርስ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ አጭር ነው፤ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1964 አንድ የአሜሪካ መጽሔት ለአእምሮ ሐኪሞች መጠይቅ ልኮ፣ የፕሬዚዳንትነት ዕጩ የነበሩትን ባሪ ጎልድዎተርን ጨርሶ መርምረዋቸው የማያውቁ ብዙ ሐኪሞች ለሥልጣን ብቁ አይደሉም ብለው ፈረዱባቸው። ጎልድዎተር መጽሔቱን ከሰው ረቱ፤ የአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1973 አባላቱ ያልመረመሩትን የአደባባይ ሰው ሕመም ስም እየሰጡ እንዳይናገሩ ከለከለ። ደንቡ እስከ ዛሬ በሰውየው ስም ይጠራል። ለባልደረቦችዎም እንዲህ ቢሏቸው ጥሩ ነው፦ በአጭር እርምጃ የሚሄድ የዘጠና ዓመት ሰው ፓርኪንሰን ሊኖረው ይችላል፤ ጉልበቱን የሚያመው፣ ዓይኑ የደከመ፣ የሚወስደው መድኃኒት የሚያዞረው ወይም ረጅም በረራ ያደከመው ሰው ሊሆንም ይችላል። በተራ ቁጥር የሚጠራ ታካሚ በበራችሁ ሲገባ በአካሄዱ ብቻ ካርዱ ላይ የበሽታ ስም አትጽፉም።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ግን ከባድ ነው። የሕመሙ ስም የታማሚው ነው፤ ሥራውን መሥራት መቻል አለመቻሉ ግን የሕዝብ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። ችግሩ ይህን የመጨረሻውን ማን በእውነት ይነግረናል የሚለው ላይ ነው፤ ብዙ ሰው «የሐኪም ወረቀት ይውጣ» ይላልና። የሐኪም ወረቀት ወጥቶ ያውቃል። የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲመረጡ በየስድስት ወሩ የጤናቸውን መግለጫ አወጣለሁ ብለው ቃል ገቡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፕሮስቴት ካንሰር ተገኘባቸው። መግለጫው በየጊዜው ወጣ፤ ካንሰሩ ግን በ1992 ቀዶ ሕክምና እስካደረጉ ድረስ አንድም ጊዜ አልተጠቀሰበትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ሲወጣ ኖረ ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። በኖቬምበር 7 ቀን 1987 የቱኒዚያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዚን ኤል አቢዲን ቤን አሊ፣ ሐኪሞች በፈረሙበት ወረቀት ላይ ተመሥርተው፣ አዛውንቱ ፕሬዚዳንት ሐቢብ ቡርጊባ ሥራቸውን ለማከናወን አይችሉም ብለው በማስታወቅ ሥልጣኑን ያዙ። ቡርጊባ በእርግጥ አርጅተው ነበር፤ ከዚያ በኋላም ከአሥራ ሁለት ዓመት በላይ ኖረው በ2000 አረፉ። አንዱ ወረቀት ታማሚውን ጤነኛ አደረገ፣ ሌላው ወረቀት ሽማግሌውን ከወንበር አወረደ። ሐኪሙ በሁለቱም ቦታ ፈርሟል።

የራሳችንን ደግሞ እናንሣ። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. ደርግ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሞት ሲያስታውቅ፣ ቀደም ሲል ከተደረገላቸው የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሕመም ለሞት እንዳበቃቸው ገለጸ። የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም የነበሩት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ይህን ማብራሪያ አልተቀበሉትም። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው በጥቅምት 1993 ነው። የሐኪም ምስጢር ጠባቂነት ክቡር የሚሆነው፣ እንግዲህ፣ ሐኪሙ በሐሰት እንዲናገር የማይገደድበት ሥርዓት ሲኖር ጭምር ነው። እርስዎ በዎርድዎ ውስጥ የሚጠብቁት ምስጢርና አንድ ጽሕፈት ቤት «ምስጢር ነው» የሚለው ነገር በስም ቢገናኙም አንድ አይደሉም።

ጥያቄ፦ የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ሞተው በሚመስላቸው ሰው ተተክተው ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይ? በሰፈራችን በአቶቴ የሚምል ሁሉ አለ።
(ወጣት አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ሙሐማዱ ቡሃሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሁለት ጊዜ ለሕክምና ለንደን ሄደው፣ ሁለተኛው ጊዜ ብቻ ከመቶ ቀን በላይ ፈጀ። ሕመማቸው ምን እንደሆነ አልተነገረም። ባዶውን ቦታ ወሬ ሞላው፤ የሞቱ መሆናቸውና ከሱዳን የመጣ መሳይ ሰው እንደተተካ ተወራ። በ2018 መጨረሻ ፖላንድ ውስጥ ከአገራቸው ሰዎች ጋር ሲገናኙ ራሳቸው ተጠይቀው፣ እውነተኛው እኔው ነኝ ብለው መመለስ ነበረባቸው። ቡሃሪ ያረፉት በጁላይ 2025 ነው። የዚምባብዌው ሮበርት ሙጋቤ በዚህ ረገድ ይቀልዱ ነበር፤ በ88ኛ ዓመታቸው ብዙ ጊዜ ሞቼ በመነሣት ከክርስቶስ እበልጣለሁ ብለዋል። ቀልዱ ለእኛ ጆሮ ድፍረት ቢሆንም ወሬው ምን ያህል እንደተደጋገመ ይነግረናል።

በቡሃሪ ነገር ሊታወቅ የሚገባው ግን ስለ መሳዩ ሰው የተወራው አይደለም። ወደ ለንደን ሲሄዱ በሕገ መንግሥቱ በተደነገገው መሠረት ለምክር ቤቱ ደብዳቤ ጽፈው ሥልጣኑን ለምክትላቸው ለዬሚ ኦሲንባጆ በጊዜያዊነት አስተላልፈው ነበር። ቀደም ሲል የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡማሩ ያራዱዋ ይህን አላደረጉም። በኖቬምበር 23 ቀን 2009 ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሕክምና ሄደው፣ ደብዳቤ ሳይጽፉ ሰባ ስምንት ቀን አለፈ፤ የተሰማው በጃንዋሪ ለቢቢሲ በስልክ የሰጡት የደከመ ድምፅ ብቻ ነበር። የአገሪቱ ሴኔት በየካቲቱ ያንን የሬዲዮ ቃለ ምልልስ እንደ ደብዳቤ ቆጥሮ ምክትላቸውን ጉድላክ ጆናታንን ተጠባባቂ ፕሬዚዳንት አደረገ። ፊርማ ሲጠፋ ድምፅ ፊርማ ሆነ ማለት ነው። ያራዱዋ በሜይ 5 ቀን 2010 ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ፣ ፕሬዚዳንቱ በ21 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ካልጻፈ ምክር ቤቱ ራሱ ምክትሉን ተጠባባቂ አድርጎ እንዲሰይም ተደነገገ።

ጥያቄ፦ በ2004 ክረምት በሐዋሳ ተማሪ ነበርኩ። የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊን ጤና በተመለከተ በየካፌው በሹክሹክታ ሲወራ ትዝ ይለኛል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቢታመም ሥራው በማን እጅ እንደሚሆን ሕገ መንግሥታችን ምን ይላል?
(ሠራተኛ፣ ከታቦር አካባቢ፣ ሐዋሳ)

መልስ፦ በቅድሚያ አንድ ነገር፤ አቶ መለስ ሲያርፉ 57 ዓመታቸው ነበር። ስለ አረጋውያን በምንነጋገርበት ዓምድ ውስጥ የእሳቸው ነገር መነሣቱ፣ ጉዳዩ ከዕድሜ ይልቅ ከዝምታ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያሳያል። በሰኔ 2004 በሜክሲኮ በተካሄደው የቡድን 20 ጉባኤ ላይ ከታዩ በኋላ፣ በሐምሌ በገዛ ከተማቸው በአዲስ አበባ በተካሄደው የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ አለመገኘታቸው ጥያቄውን ሁሉ ቀሰቀሰ። በመንግሥት በኩል ሕመሙ ከሥራ ብዛት ከመጣ ድካም ጋር ተያይዞ ተገለጸ፣ በቅርቡም ይመለሳሉ ተባለ። የእሳቸውን ጤና የሚመለከት ዘገባ የያዘው የ«ፍትሕ» ጋዜጣ እትም እንዳይሰራጭ ታገደ፤ ከላይ ስለ ካሜሩን የጻፍነውን ያነበበ ሰው መመሳሰሉን ያስተውላል። ነሐሴ 15 ቀን ጠዋት፣ ባለፈው ሌሊት ብራስልስ ውስጥ ማረፋቸው በቴሌቪዥን ተነገረ።

የተተኩት ምክትላቸው አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ለሐዋሳ ሰው እንግዳ አልነበሩም፤ ከ1994 እስከ 1998 ዓ.ም. የደቡብ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሆነው የሠሩት በዚሁ ከተማ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ስለሆነ፣ ከመርዶው እስከ መሐላው አንድ ወር አለፈ። በሰላም አለፈ፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም።

የሕጉን ነገር በተመለከተ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖርበት ጊዜ ተክቶት እንደሚሠራ ይደነግጋል። ድንጋጌው አጭር ነው፤ እንደ ናይጄሪያው የቀን ቁጥር የለውም፣ አለመኖሩን የሚያረጋግጠው ማን እንደሆነም አይናገርም። ወደ ውጭ አገር ለጉብኝት የሄደ ሰው «የለም» ማለት ቀላል ነው። በሰኔና በነሐሴ መካከል በባዕድ አገር ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝቶ «ደህና ነው» የሚባልለት ሰው ግን በአንቀጽ 75 ዓይን አለ ወይስ የለም? ሕግ የሚያስተምሩ የሐዋሳ አንባቢዎቻችን በዚህ ላይ ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣላቸዋለን።